የሻሺቱ ጋን

ኢሱዙው ከዶርዜ በታች የመጀመሪያውን ጠመዝማዛ ሲታጠፍ ጋኑ በተጎዘጎዘለት ጭድ ላይ ተወዛወዘ። ሻሺቱ እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው።

«እጅሽን!» አለች ማሚቱ ከማዶ።

«አልነካሁም።»

«ልትነኪ ነበር።»

«ልነካ ነበር። አልነካሁም።»

መኪናው ቀና አለ። ሁለቱ ሴቶች ጋኑን በመካከላቸው አድርገው ከጭነቱ ላይ ተቀምጠዋል። ጋኑ ቁመቱ የሰው ወገብ ያልፋል፤ ሆዱን አንድ ሰው ቢያቅፈው እጅ ለእጅ አይገናኝም። ከፊት፣ ጋቢና ውስጥ፣ ሾፌሩ ካሳና የማሚቱ ባል፣ የአገሩ ሹም ሃላቃ ደበሌ አሉ። ካሳ «2000» የሚል ቆብ ደፍቷል። የካሴቱ ዘፈን ከሞተሩ ጩኸት ጋር እየተደባለቀ ወደ ኋላ ይመጣል።

ጊዜው ጷጉሜን ሦስት ቀን 1999 ዓመተ ምሕረት ነበር። አዲሱ ሺህ ዓመት ሊገባ አራት ቀን ቀርቶታል። በአርባ ምንጭ፣ ሴቻ ላይ፣ የበዓሉ ኮሚቴ ከየወረዳው የእጅ ሥራ ሰብስቦ ለሕዝብ ሊያሳይ ነው። ጋኑም የሚወርደው ለዚያው ነው።

ጋኑን የሠራችው ሻሺቱ ናት። በጋሞ ደጋ ሸክላ ሠሪ ማና ይባላል። ማና ባለ መሬት ከሆነው ወገን፣ ከማላው ጋር፣ በአንድ ገበያ ይውላል፤ በአንድ ገበታ አይቀርብም። ሽማግሌዎች አገር በሚመክሩበት ሜዳ፣ በዱቡሻው፣ ማና ከድንጋይ ካቡ ውጭ ይቀመጣል። ሲሞትም መቃብሩ ለብቻ ነው። ሻሺቱ ይህን ቁጭ አድርጎ የነገራት ሰው የለም። እግሯ መሬት ሲረግጥ አብራ የተማረችው ነው።

በእነሱ ቀዬ ደግሞ ሌላ ሕግ አለ። አዲስ ሸክላ እስኪሟሽ ድረስ የሠሪው ነው፤ እንደፈለገ ያገላብጠዋል። አንድ ጊዜ በማላ ቤት በግራዋ ታጥቦ፣ በወይራ ታጥኖ ከተሟሸ ግን የሠሪው እጅ አያርፍበትም። ካረፈበት ጎሜ ነው። ጎሜ ማለት ነውር ብቻ አይደለም፤ ዝናብ የሚያስቀር፣ ከብት የሚያስጨርስ ጥፋት ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ከሹም ቤት አይገባም።

የኮሚቴው ደብዳቤ «ለአገልግሎት ዝግጁ የሆነ አንድ ትልቅ ጋን ከባለሙያው ጋር እንድትልኩ» ይል ነበር። ሃላቃ ደበሌ ቃልን እንደ ቃሉ የሚፈጽም ሰው ነው፤ አገሩም መርጦ በትር ያስጨበጠው ስለዚህ ነበር። «ለአገልግሎት ዝግጁ ካሉ መሟሸት አለበት» አለ፤ ሚስቱ አሟሸችው። «ከባለሙያው ጋር ካሉ ሻሺቱ ትሂድ» አለ፤ ሻሺቱ ነጠላዋን አጥባ መጣች። ሁለቱ ትእዛዝ እንደሚጋጭ ያሰበ አልነበረም። ሠሪዋ ከሥራዋ ጋር ሠላሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ልትሄድ ነው፤ ሥራዋን ሳትነካ።

የቀርከሃው ጫካ ከኋላቸው ቀረ። ማሚቱ ከቅርጫቷ ቆጮ አወጣች። ለራሷ ቆረሰች፤ ለሻሺቱ በእንሰት ቅጠል ላይ አድርጋ፣ ቅጠሉን በጭዱ ላይ ገፋ አደረገችላት። ከእጅ ወደ እጅ አልሰጠቻትም። ሻሺቱም አልጠበቀችም።

«ለነገሩ ምን ልታደርጊ ነው የምትሄጂው?» አለች ማሚቱ እያኘከች። «የተሟሸ ጋን ነው። ብትጠብቂው አትነኪው፣ ቢደፋ አታነሺው።»

«ስሜ ሲጻፍ ለማየት።»

«ምን?»

«ከሌላ አገር የመጣው መምህር ታዴዎስ ነገረኝ። እዚያ ከሥራው ሥር የሠሪው ስም ይጻፋል አለ።»

ማሚቱ ከልቧ ሳቀች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ የሚያስቅ ነገር ስለሰማች ነው የሳቀችው። «የጋን ሠሪ ስም ማን ጽፎ ያውቃል? ጋን ጋን ነው።»

«ጋኑማ ጋን ነው። እኔ ነኝ ሻሺቱ።»

«እናትሽ ስንት ጋን ሠራች? የጨንቻ ሰው ሠርጉንም ተዝካሩንም በእሷ ጋን ነው ያሳለፈው። ማን ስሟን ጠየቀ?»

«እሱን ነው የምልሽ» አለች ሻሺቱ፤ ቅጠሏን አጠፈች።

ጋኑን በሐምሌና በነሐሴ፣ በዝናቡ ወራት ነው የሠራችው። ሸክላ በዝናብ አይሠራም፤ ሁሉም ያውቃል። አይደርቅም፤ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ቤቷ ውስጥ አስገብታ ከምድጃው ራቅ፣ ከበሩ ጠጋ አድርጋ፣ በቀን ሦስት ጊዜ እያዞረች አርባ ቀን አብራው አደረች። አጎቷ ካሉት ጋኖች አንዱን ስጪ ቢሏት እምቢ አለች። በጋኑ ትከሻ ላይ፣ ከአንገቱ ሥር ዙሪያውን፣ ማንም ያላደረገውን ልታደርግ ነበርና ሌላ ጋን አይሆናትም። የሠራችውን ነገር ሃላቃ ደበሌ ልብ ብሎ አላየውም። ከቤቷ ሲመጣ በቅጠል ተጠቅልሎ፣ ሲሟሽ በጭስ ተሸፍኖ ነበር። ሴቶቹ አይተውታል። ሴቶቹ ደግሞ «ጌጥ ነው» ብለው አለፉት።

ወደ ታች አባያ ታየ። ሻሺቱ ሐይቁን ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። ውሃ ሰማያዊ ነው ሲሉ ሰምታ ነበር፤ ይህ ግን ቀይ ቡኒ ነው፤ ዕቃ ሊቀባ በገንዳ የተበጠበጠ አፈር ይመስላል። «ይህን ሁሉ ማን በጠበጠው?» አለች ለራሷ።

ይህን እያለች ነው ቀርከሃ ሊጭን ባዶውን የሚወጣ መኪና ከመታጠፊያው ብቅ ያለው። ካሳ ፍሬኑን ረገጠ። ኢሱዙው ወደ ገደሉ አፍንጫውን አዞረ፤ ጋኑ የታሰረበት ገመድ ተወጠረ፤ ተበጠሰ። ጋኑ ዘመመ።

ማሚቱ ጮኸችና አንገቱን ያዘች።

ጋን በአንገቱ አይያዝም። ክብደቱ ሆዱ ውስጥ ነው፤ አንገቱን የያዘ ሰው አንገቱን ይዞ ይቀራል። ሻሺቱ ይህን የምታውቀው በጭንቅላቷ አይደለም፤ በክንዷ ነው።

«አንገቱን ልቀቂ! ልቀቂ አልኩሽ!»

ማሚቱ ለቀቀች። በሕይወቷ ማና ጮሆባት አያውቅም፤ የለቀቀችውም ደንግጣ ነው። ሻሺቱ በጋኑና በመኪናው ጎን መካከል ራሷን ወረወረች። ሆዱ ደረቷ ላይ አረፈ። ትንፋሿ ቀጥ አለ። ጉልበቷን ከሥሩ አስገባች፤ ጀርባዋን ለሳንቃው ሰጠች፤ ሁለት ክንዷን ዘርግታ አቀፈችው። ጋኑ አንድ ጊዜ ገፋት። ከዚያ ረጋ።

መኪናው ጥግ ይዞ ቆመ። ካሳ ወጪውን ሾፌር በእናቱም በአባቱም እየሰደበ ወረደ። ሃላቃ ደበሌም ወረደ። ዱንጉዛ ሱሪ ለብሷል፤ ቡልኮውን በትከሻው ጥሏል፤ የሹመት በትሩን ይዟል። ወደ ጭነቱ ተንጠራርቶ አየና ባለበት ቀረ።

«ተሰነጠቀ?» አለ።

ሻሺቱ ጆሮዋን ጋኑ ላይ ለጥፋ በጣቷ አንጓ መታችው። ድምፁ ከውስጥ ሞልቶ መጣ። «ደህና ነው።»

«ነካችው!» አለች ማሚቱ። «ይኸው አቅፋዋለች! ያሟሸሁትን ጋን!»

«ልቀቂው» አለ ሃላቃው።

«ገመዱ ተበጥሷል» አለች ሻሺቱ። ዓይኗ ከጋኑ አልተነሳም። «ከለቀቅኩት ከዚህ እስከ ሜዳው አይደርስም። ልልቀቀው?»

ሃላቃው የተበጠሰውን ገመድ ተመለከተ።

«ሃላቃ፣ ይንገሩኝና ልልቀቀው።»

ሃላቃ ደበሌ የገደሉን አፍ አየ፤ ሚስቱን አየ። ዞሮ ወደ ጋቢናው ሄደ። በሩ ሲዘጋ ድምፁ ተሰማ፤ «ካሳ፣ ቀስ ብለህ ንዳ።»

የቀረውን መንገድ ሻሺቱ ጋኑን እንዳቀፈች ወረደች። ቆላው ሲቀበላቸው ሙቀቱ እንደ እሳት ዳር ሆነ። ላቧ በጋኑ ሆድ ላይ ወረደ። አንድ እግሯ ሞተ፤ ሌላውም ተከተለው። ማሚቱ ከጭነቱ ጫፍ ተቀምጣ ፊቷን አዙራለች። አንድ መጥፎ ጉድጓድ ሲያልፉና ሻሺቱ ስታቃስት ግን ማሚቱ ተነሳች፤ አንድ ክምር ጭድ አፍሳ በሻሺቱ ጀርባና በሳንቃው መካከል ጠቀጠቀችላት። ተመልሳ ቦታዋ ተቀመጠች።

ሲቀላ ሲደርሱ ከኩልፎ ዳር የሚመጡ የሙዝ ጋሪዎች መንገዱን ዘግተውት ነበር። ባለ ጋሪዎቹ ወደ ጭነቱ ቀና ብለው ሳቁ። «ሴትዮ፣ ባልሽ ነው? ልቀቂው እንጂ አይጠፋም!» አለ አንዱ። ሻሺቱ አማርኛውን ግማሹን ሰማች። ካሳ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ፤ ኢሱዙውም ወደ ሴቻ አቀበቱን ወጣ።

ሥራዎቹ ከሚታዩበት አዳራሽ በር ላይ አራት ወዛደሮች መጡ። ሻሺቱ ከጋኑ ሥር ወጥታ ለመቆም ሳንቃውን መደገፍ ነበረባት። ሰዎቹ ግን እጃቸውን ወደ ጋኑ አንገት ሲልኩ ስታይ እግሯን ረሳችው።

«ከሆድ! ከሥር ያዝ! አንተ ቀስ በል፣ አንተ ዞር!» አለች በገበያ አማርኛዋ። ሰዎቹ እንዳለችው አደረጉ። ሃላቃ ደበሌ ከኋላ ቆሞ አራት ወንዶች አንዲት ማና ስታዛቸው ተመለከተ። ወዛደሮቹ የሚያዩት አንዲት ዕቃዋን የምታውቅ ሴት ብቻ ነበር። ሌላውን ማን ነግሯቸው።

በውስጥ ዕቃውን የምትረከበው ወይዘሮ አበራሽ ናት። ባሏ መምህር ሆኖ ከሰሜን በተመደበ ጊዜ አብራው መጥታ፣ እዚሁ ልጆች ወልዳ፣ እዚሁ ባሏን ቀብራ፣ ጡረታዋን የምትጠብቅ ሠራተኛ ናት። መነጽሯ በክር ደረቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ከፊቷ በኮምፒውተር የተጻፉ ካርዶች ተደርድረዋል። በግድግዳው ሥር ቡልኮው፣ ከበሮው፣ የማር ቀፎው፣ ጋሻው ተቀምጧል፤ በእያንዳንዱ ፊት ካርዱ አለ። ሁሉም ካርድ «ባህላዊ» ብሎ ይጀምራል።

«እሰይ፣ ደህና ገባችሁ አባቴ» አለች ሃላቃውን። ጋኑን ስታይ መነጽሯን አጠለቀች። ጭዱን በእጇ ጠረገች፤ ዞረችው፤ እንደገና ዞረችው። «እነዚህ በትከሻው ላይ ያሉት ምንድን ናቸው? ሰዎች ናቸው?»

ሃላቃ ደበሌ ጠጋ አለ። የጣት ቁመት ያላቸው የሸክላ ሰዎች በጋኑ ትከሻ ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ወደ ጋኑ አፍ ዞረው። «ሽማግሌዎች ናቸው» አለ፤ ድምፁ ላይ ትንሽ ኩራት ነበር። «የእኛ ዱቡሻ ነው። አገር የሚመከርበት።»

«ፊታቸውስ?»

«ፊታቸው...» አለና ዞረ። በዚያ በኩልም ጀርባ ነው። በወዲያም ጀርባ ነው። አንድም ፊት የለም።

አበራሽ ወደ ሻሺቱ ዘወር አለች። «አንቺ ነሽ የሠራሽው? ፊታቸውን ለምን ተውሽው፣ እህቴ?»

ሻሺቱ መሬት መሬት አየች። አማርኛዋ ለዋጋና ለሰላምታ እንጂ ለዚህ አልተሠራም። «እኔ ውጭ ነኝ» አለች በመጨረሻ። «ድንጋይ ካብ አለ። ከካቡ ውጭ እቀመጣለሁ። ከውጭ የሚታይ ጀርባ ነው። ያየሁትን ሠራሁ።»

አበራሽ መነጽሯን አወለቀች።

ሃላቃ ደበሌ ግን መዞሩን አላቆመም። አንዱን ጀርባ አየ፤ የአባ ዛራ ነው፤ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን በእጁ እንደያዘ። ቀጥሎ ያለው ሲናገር የሚነሳ፣ ሲነሳ ቡልኮው የሚንሸራተት ጎረቤቱ ነው። የጨርቁን መንሸራተት እንኳ አልሳተችም። ከዚያ አንድ ጀርባ ጋ ደረሰ። በትር ይዟል። ግራ ትከሻው ወርዷል።

ሃላቃ ደበሌን በልጅነቱ ፈረስ ጥሎት ነበር። ትከሻው መውረዱን ሰዎች ነግረውታል፤ ይህን ያህል መሆኑን አያውቅም ነበር። የገዛ ጀርባውን ማየት ለሰው አልተሰጠም። ሌላ ሰው አይቶ ካልነገረው ሳያውቀው ይሞታል።

ቆሞ ቀረ። ከውጭ የካሳ ካሴት ይሰማል።

«እንግዲህ» አለች አበራሽ፣ ነገሩን ወደ ሥራዋ ለመመለስ፤ «ካርዱ አልቋል። ‹ባህላዊ ጋን፣ ከጋሞ ደጋ። አቅራቢ፦ ሃላቃ ደበሌ።› እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ አባቴ። ነገ እንግዶች ይመጣሉ።»

ሻሺቱ ሰማች። «አቅራቢ» የሚለውን ቃል አታውቀውም፤ የራሷ ስም እንዳልተጠራ ግን አወቀች። መምህር ታዴዎስ ተሳስቷል ማለት ነው። ወይም የእሱ አገር ሕግ ሌላ ነው።

«አልፈርምም» አለ ሃላቃ ደበሌ።

«ለምን?»

«ይህ ጋን የእኔ አይደለም።»

«ውይ! ተሰብሯል እንዴ?»

«አልተሰበረም።»

«ታዲያ? አባቴ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሰው እየተጋፋ ስሙን ሲያስጽፍ ነው የዋለ። ስሜን ፋቂልኝ ብሎ የመጣ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ማሚቱ ባሏን በክርኗ ጎሸመችው። በጋሞኛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ዝም በልና ፈርም እንጂ! ማን ያውቃል? እኔና እሷ ነን። ካሳ እንደሆነ ሾፌር ነው፤ ከራሱ መሪ ሌላ የሚያየው የለም» አለችው።

«እኔ አይቻለሁ።»

«አንተ ደግሞ!»

«አይቻለሁ አልኩሽ። በትሩን ስቀበል የማልኩት ሰው ሲያይ ብቻ ልጠብቅ አይደለም።» ወደ አበራሽ ተመለሰ። «እመቤት፣ ይህ በእኛ ዘንድ ጎሜ ነው። ከተሟሸ በኋላ ሠሪዋ ነክታዋለች። ከእንግዲህ በእኔ ስምም በአገሩ ስምም አይቆምም።»

አበራሽ አልገባትም፤ ሰውየው እንደማይመለስ ግን ገባት። «ታዲያ የማን ልበል? ባለቤት የሌለው ዕቃ አላስገባም። ደንብ ነው።»

«ይመለስ።»

«ከተመለሰ በኋላስ?»

ሃላቃ ደበሌ በትሩን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ጎሜ የነካው ዕቃ ይሰበራል» አለ። ይህን ሲል ጋኑን አላየም።

ሻሺቱ የሰማችው በአማርኛ ነው፤ ይህቺን ቃል ግን በየትኛውም ቋንቋ ታውቃታለች። ሸክላ ሠሪ ዕድሜዋን ሁሉ የምትፈራት ቃል ናት። ይሰበራል። አርባ ቀን አብራው ያደረችው፣ ከዶርዜ እስከ ሴቻ በደረቷ ያወረደችው ሊሰበር ነው፤ ያውም ስላዳነችው። ለመሸሽ በሩን አየች። ከዚያ የገዛ ድምፅዋን ሰማች።

«የኔ ነው።»

ሁሉም ዞሩ።

«የኔ ነው» አለች ዳግመኛ። «ስሜ ሻሺቱ ነው። ጻፍ።» ገበያ ላይ ወንድም ሴትም በአንድ ነው የምትጠራው፤ አበራሽም አልከፋትም፤ እስክሪብቶዋን አነሳች።

«ቆይ» አለ ሃላቃ ደበሌ። አሁን በጋሞኛ ነበር፤ የአገር ነገር በአገር ቋንቋ ነው። «ማና በአገር ስም አይቆምም። ይህን ታውቂያለሽ።»

«በአገር ስም አላልኩም። አገሩ በትሩን ለእርስዎ ሰጥቷል፤ በትሩን አልነካሁም። ጋኑን ግን አገሩ አልሠራውም። እኔ ነኝ የሠራሁት። እርስዎ የእኔ አይደለም ብለዋል። ታዲያ የማን ነው?»

ሕጉን በአንድ ጫፉ የያዘው ሃላቃው ነው፤ ሌላውን ጫፉን ይዛ የምትስበው እሷ ሆነች። ሕጉ ደግሞ አልተበጠሰም፤ የሠሪው የሆነ ሸክላ በሠሪው እጅ ቢነካ ጎሜ የለበትም።

«ነገ ጨንቻ ገበያ ስትወጪ ታይዋለሽ!» አለች ማሚቱ። «ሃላቃን ተከራክራ ስሟን አስጻፈች ይሉሻል። የሚገዛሽ አይኖርም። ገበያውን ይዘጉብሻል!»

ሻሺቱ ይህን ከማሚቱ በፊት አስባዋለች። ሦስት ልጆች አሏት።

«ይዝጉ» አለች። «ውሃ በምን ሊቀዱ ነው?»

ማሚቱን ሳቅ ያዛት። ሳቁን ዋጥ አድርጋ፣ «ደፋር!» አለችና ወደ በሩ ሄደች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። «ለማንኛውም የሰሊጥ መቁያዬ ተሰንጥቋል» አለች ፊቷን ሳትመልስ። ወጣች።

አበራሽ ካርዱን ገልብጣ በባዶው ጀርባ መጻፍ ጀመረች። «ሠሪ የሚል ቦታ የለውም እኮ ይሄ ፎርም» አለች እያጉረመረመች። «ለቡልኮውም፣ ለከበሮውም የለውም። ሠላሳ ዓመት ስሠራ እንዴት አላየሁትም? በሉ፣ ሠሪ፦ ሻሺቱ። የአባት ስም?»

«ማሬ።»

«ማሬ የሴት ስም አይደለም?»

«እናቴ ናት።»

«የአባት ነው የሚጻፈው፣ እህቴ።»

«አባቴ ጋን አልሠራም።»

አበራሽ እስኪያስላት ሳቀች። ከዚያ በትልልቅ ፊደል ጻፈችው። ሻሺቱ ማንበብ አትችልም። «አንብብልኝ» አለቻት። አበራሽ አነበበችላት። «እንደገና።» አነበበችላት። ቀጥሎ ካርዱን የምትለጥፍበት ስፒል ፍለጋ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች።

አዳራሹ ውስጥ ሁለቱ ቀሩ። ጋኑ በመካከላቸው ነው። ሻሺቱ ለመሄድ ፈለገች፤ ሃላቃው ሳያሰናብታት ማለፍ ደግሞ ልማድ አይደለም። ቆመች።

«ትከሻዬን» አለ ሃላቃ ደበሌ። «ይህን ያህል ወርዷል?»

«ወርዷል።»

«ስንት ዓመት አየሽው?»

«ከልጅነቴ። በትሩን ሳይዙም ከዝግባው ሥር ነበር የሚቀመጡት። የጎረቤትዎ ቡልኮ ሲንሸራተት እርስዎ ነበሩ የሚመልሱለት።»

ሽማግሌው በረጅሙ ተነፈሰ። ካቡን ብዙ ጊዜ አይቶታል፤ ከካቡ ውጭ የተቀመጡትንም እንዳሉ ያውቃል። ከመካከላቸው አንዷ በቁም ነገር እያየችው ይሆናል ብሎ ግን አንድ ቀን አላሰበም።

«ያየሽውን ከሠራሽ» አለ፣ «ፊቴን ለምን አላየሽም? በመንገድ ስንት ጊዜ ተገናኝተናል።»

«በመንገድ ሲያልፉ እኛ ከመንገዱ እንወርዳለን። እስኪያልፉ መሬት ነው የምናየው።» ትንሽ አሰበች። «እግርዎን አውቀዋለሁ። ጫማ የቀየሩ ጊዜም አውቄአለሁ።»

ሃላቃ ደበሌ እግሩን አየ። የሚስቅ መስሎ ነበር፤ አልሳቀም። አገሩ ላይ ሆኖ ቢሆን ቀጥሎ ያደረገውን አያደርገውም ነበር። እዚህ ግን ዱቡሻ የለም፤ ካብ የለም፤ ሁለት ደክሟቸው የቆሙ ሰዎችና አንድ ጋን ነው ያለው። በትሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ቡልኮውን ከትከሻው አወረደና በክንዱ ያዘው።

«እንግዲያው እዪ» አለ።

ሻሺቱ ዓይኗን ለማንሳት ጊዜ ወሰደባት። አርባ ሦስት ዓመት የወረደ ዓይን በአንድ ቃል አይነሳም። ከእግሩ ጀመረች፤ የምታውቀው እሱን ነውና። ጉልበቱ ጋ ደረሰች፤ እጁ ጋ፤ ደረቱ ጋ። አገጩ ላይ ያለውን ነጭ ጺም አየች። ከዚያ በላይ ጨለማ ነው፤ የከሰዓቱ ፀሐይ የሚገባው ከጀርባው ነበርና ፊቱ አልታያትም።

ጭቃ ስታቦካ እንደምታደርገው ዓይኗን ጠበብ አደረገች። ጭንቅላቷን ወደ አንድ ጎን አዘነበለች።

«ጥላ ሆነብኝ» አለችው። «ወደ መስኮቱ ዞር ይበሉ።»

ሃላቃ ደበሌ ዞረ።